«እኔ ምን አውቄ» ላሉኝ ሴቶች

ክብርት የጤና ቢሯችን ኃላፊ ዶክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፣ ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁ ዘመዶቼ፤

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬን ተቀበሉኝ። ይህን አዳራሽ ለእኔ ብላችሁ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠርጉ፣ ወንበር ስትደረድሩ፣ ይቺን ማይክሮፎን «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» እያላችሁ ስትደበድቡ በመስኮት አይቻችኋለሁ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ይቺ ማይክሮፎን በመጀመሪያው ሙከራ ስትሠራ ያየሁት ዛሬ ነው። መሄዴ ገብቷት መሰለኝ።

ለስጦታውም አመሰግናለሁ። የግድግዳ ሰዓት ነው የሰጣችሁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በፊርማ መዝገብ ስታሳድዱኝ ኖራችሁ፣ የሚጠብቀኝ ሥራ በሌለበት ቀን ሰዓት ታሸክሙኛላችሁ። ባለቤቴ ግን ወዳዋለች። «ከእንግዲህ መግቢያና መውጫህን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ጡረታ ወጣ አትበሉ፤ ተዛወረ በሉ።

አዲስ የገባችሁ ልጆች ምናልባት አታውቁኝ ይሆናል። በስሜ የሚጠራኝ የፊርማ መዝገቡ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ጋሼ እርሳስ ነኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅና መጻፍ ነው። ስንት ልጅ አለ፣ ስንቱ ተከተበ፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ። የምጽፈው በእርሳስ ስለሆነ እርሳሱ ከጆሮዬ አይወርድም። የእህቴ ልጅ የሰርግ ፎቶ ላይ ሁሉም አምሮበት፣ የሙሽሪት አጎት ግን ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ቆሟል። እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።

ቅድም ዶክተር ስለ እኔ ሲናገሩ «ቁጥር ተሳስቶ የማያውቅ ሰው» አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። ደስ አላለኝም አልልም፤ ሰው ነኝ፣ ጭብጨባ ይጥመኛል። ግን ልክ አይደለም። ተሳስቻለሁ። የተሳሳትኩት ቁጥር ደግሞ በዚህ አዳራሽ መግቢያ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የምታዩትን የምስክር ወረቀት ያሰጠኝ ቁጥር ነው።

ዛሬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ነው። የክሊራንስ ወረቀቴ አሥራ አንድ ፊርማ ይፈልጋል፤ አሥሩን አስፈርሜ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ይህን ቁልፍ ሳስረክብ የሚፈረመው ነው። ሁለተኛው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ በራሴ እጅ የሞላሁት አንድ ቅጽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት አሥራ ስድስት ልጆች አዲስ የጥናት ቅጽ ይዘው ወደየመንደሩ ይወጣሉ። ቅጹ አሁን ዶክተር ጠረጴዛ ላይ ነው። የመመሪያው ሦስተኛ መስመር ያኔ እኔን ያሳሳተኝ መስመር ራሱ ነው፤ አንድ ፊደል አልተቀየረም። እሱ መስመር ሳይወጣ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሻዩ ትንሽ ይታገሠን።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ አለቃ ነበሩኝ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ ሲናገሩ በጣታቸው ጠረጴዛ የሚመቱ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ይዤ የተመለስኩትን ቅጽ አዩት። ጠርዙን ሁሉ በጽሑፍ ሞልቼዋለሁ። አንዲት እናት ስለ ልጇ ሳል ስጠይቃት ስለ አማቷ፣ ስለሚያፈሰው ጣራዋ፣ ስለ ጎረቤቷ በግ ነገረችኝ፤ እኔም አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የነገረችኝ ነው።»

«መልሱን ጻፍ፣ ወሬውን ተወው። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው እሱ መልሷ ነው።»

ይቺን ቃል ያዝኳት። በኋላም ወረቀት ላይ ሰፍራ መመሪያ ሆነች፦ «ተጠያቂው በመጀመሪያ የሰጠው ምላሽ ብቻ ይመዘገባል።» ሦስተኛው መስመር የምላችሁ ይህ ነው። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። የበጉን ነገር በተመለከተ እስከ ዛሬ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ታስታውሱታላችሁ። ይህ አዳራሽ ተዘግቶ ነበር፤ ወንበሮቹ አንድ እያለፈ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ሰላምታ በክርን ነው። የበሩ ጥበቃችን ያንን የሙቀት መለኪያ እንደ ሽጉጥ ግንባራችን ላይ እየደገነ «ሠላሳ ሁለት፣ እለፍ» ይለን ነበር። ሁላችንም ሠላሳ ሁለት ነበርን። በዚያ መለኪያ ከሄድን ቢሮው በሙሉ ሞቶ ነው ሥራ የሚገባው።

በዚያን ጊዜ አንድ ጥናት ታዘዘ። ሕዝቡ ስለ በሽታው ምን ያህል ያውቃል፣ ምን ያህልስ ይጠነቀቃል፣ ወንድና ሴት ይለያያሉ ወይ? አራት መቶ ቤት። ቅጹ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ላይ አሥር የዕውቀት ጥያቄዎች፣ ጀርባው ላይ ደግሞ በተግባር ምን እንደሚያደርጉ የሚጠይቁ። እኔና ሲስተር ተመደብን። ሲስተር ያቺ ናት፣ መስኮቱ አጠገብ አንገቷን የደፋችው ነርስ። ቀና በይ ልጄ፣ ዛሬ በሰው ፊት ላመሰግንሽ ነው።

በየበሩ ሁለት ሜትር ርቀን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ እየጮህን እንጠይቃለን። «በሽታው በምን ይተላለፋል?» ብዬ ስጮህ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤት ይመልስልኛል። ውሻው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይመልሳል።

ወንዶቹን መጠየቅ ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። ወንድ ጥያቄ አያስጨርስም። «በትንፋሽ፣ በንክኪ፤ ምልክቱ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይታያል፤ ሳሙና ሃያ ሴኮንድ፤ ቀጥል።» ዜና አንባቢ በላቸው። አንዱ እንዲያውም የቫይረሱን መጠን በአጉሊ መነጽር ያየው ይመስል ነግሮኛል፤ ቅጹ ላይ አልተጠየቀም። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ማስኩ አገጩ ላይ ነበር። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ዕውቀት ስለሆነ ምልክት ማድረጌን ቀጠልኩ።

ሴቶቹ ጋ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ነው። አንዷ እጇ አረፋ ለብሶ፣ አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች ዐይኗን እያበሰች ትወጣለች። «በሽታው በምን ይተላለፋል?» ስላት መጀመሪያ የምትለኝ አንድ ነው።

«እኔ ምን አውቄ።»

መጀመሪያ ከአፏ የወጣው እሱ አይደል? «አላውቅም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠይቅ፣ እሷ ከሥር የምትለውን ይሸፍነዋል።

በሁለተኛው ቀን ሲስተር ጠራችኝ። «ጋሼ፣ አልጨረሱም እኮ።»

«ምኑን?»

«መናገሩን። እርስዎ ሲጽፉ እነሱ ገና እየጀመሩ ነው።»

«ልጄ፣ አራት መቶ ቤት አለብን። መመሪያው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ» አልኳት። ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ልምድ አለኝ፣ እሷ ከተቀጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ምን ትበለኝ?

ከአራት መቶው ቤት አንዱ የታላቅ ወንድሜ ቤት ሆነ። ዕጣ ነው ያወጣው። በደንቡ ሲስተር ብቻዋን መጠየቅ ነበረባት፤ እሱ ግን በር ላይ ሲያየኝ «ወንድሜ ቆሞ በባዕድ ልጠየቅ እንዴ?» ብሎ ድርቅ አለ። ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ግዙፍ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ድምፁ ከአውቶቡሱ ጡሩምባ የሚበልጥ፣ መስመሩ ላይ ያለ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያውቀው። አሥሩንም ጥያቄ መለሰልኝ። አሥር ከአሥር። ከጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ አሥር ከአሥር ያመጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ወንድሜ ነው። ኮራሁበት። ለሲስተር «የእኛ ዘር እኮ ነው» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ቅጹን ገለበጥኩ። «ሥራ ቦታ ማስክ ታደርጋለህ?»

«መሪ ይዤ በምን ልተንፍስ?»

«የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ርቀት ትጠብቃላችሁ?»

«ሃያ ዓመት አብሬያቸው የኖርኩትን ሰዎች ዛሬ በሜትር ልለካቸው? አውቀዋለሁ አልኩህ እኮ፤ ሲያስፈልግ አደርገዋለሁ።»

አውቀዋለሁ። ብዙ ወንድ በዚያ ዓመት የተከተበው በዚህች ቃል ነው።

ባለቤቱን እትዬ ነው የምላት። እኔ ተማሪ እያለሁ ሸሚዜን እያጠበች፣ ቁርሴን እያበላች ትምህርት ቤት የሰደደችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ግቢው ቧንቧ ሥር ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች።

«እትዬ፣ በሽታው በምን ይተላለፋል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ወንድምህ ነገረህ አይደል?» አለችና ሳቀች።

አላውቅም። ምልክት። የቀሩትንም በዚሁ አካሄድ አዳረስኳቸው። ሁለት ከአሥር። ከግቢው ስንወጣ «እትዬ ትምህርት ያስፈልጋታል» ብዬ ቀለድኩ። ሲስተር አልሳቀችም።

ውጤቱ ተደመረ። ወንዶች በአማካይ ስምንት፣ ሴቶች አራት። ጀርባው ግን ተገልብጦ መጣ። እጅ በመታጠብ፣ አፍ በመሸፈን፣ ሰው የሚተፋፈግበት ቦታ ባለመሄድ ሴቶቹ ወንዶቹን ጥለዋቸው ሄደዋል። ስብሰባ ላይ ሳቀርብ የያኔው ኃላፊያችን ግራ ገባቸው። «የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠነቀቃል? ጀርባውን ተወው፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ያሳምራል» አሉ። ነገሩ አሳማኝ ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ጀርባው ተጣለ፣ ፊቱ ተወሰደ። «ሴቶች የዕውቀት ክፍተት አለባቸው» ተባለ። ሥልጠናው፣ ፖስተሩ፣ ሳሙናው ተጠራርጎ ሴቶች ወደሚገኙበት ሄደ። ጋራዡ፣ ፑል ቤቱ፣ የአውቶቡስ ዴፖው ተዘለለ። እነሱማ ያውቃሉ። ለእኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ።

ፖስተሩ ራሱ ጥርስ አያስከድንም። «እጅህን ታጠብ፤ አፍህን ሸፍን፤ ርቀትህን ጠብቅ» ነው የሚለው። ይህን የለጠፍነው የእናቶች ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። አንዲት አትክልት ሻጭ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና «ይሄስ ለባለቤቴ ነው የተጻፈው፤ ልውሰድለት?» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀልዷን መስሎኝ ነው። አሁን ሳስበው ቁም ነገሯን ነበር፤ ለሚታጠቡት አልጻፍንላቸውም፣ የጻፍንላቸው ደግሞ አይታጠቡም። አንዱን ነቅዬ ሰጠኋት።

ፖስተሩ በተለጠፈ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። ደወለልኝ። «ጉንፋን ነው፤ ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ይሄ እሱ አይደለም» አለኝ። በዚያው ሳምንት ከዴፖው አሥራ አንድ ሾፌሮች ታመሙ። ሁሉም መስኮት በሌላት በዚያች ማረፊያ ክፍል አብረው ካርታ የሚጫወቱ ናቸው። እዚያ ክፍል በር ላይ ከእኛ ቢሮ አንድ ሰው ደርሶ አያውቅም።

እትዬ ማንንም አልጠየቀችም። የዳር ክፍሏን ባዶ አድርጋ፣ መስኮቱን በርግዳ፣ እዚያ አስተኛችው። ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ፎጣውን ለየች። በሩ ላይ ባልዲ ውሃና ሳሙና አኖረች፤ ስትገባም ስትወጣም ትታጠባለች። ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጆች፣ አንዲት የልጅ ልጅና እናቴ አሉ። ከእሷ በቀር ማንም በዚያ በር እንዳያልፍ ከለከለች። እሱ «እስረኛ አደረግሽኝ» እያለ ይጮህባታል፤ እሷ ሾርባውን አስቀምጣ ትወጣለች። በሰባተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥረው ሐኪም ቤት ወሰድነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። መግባት ስለተከለከለ መርዶውን የሰማሁት አጥሩ ሥር ቆሜ ነው።

ወንድሜን በጣም እወደው ነበር። ይህን ለማንም በአፌ ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱም አልነገርኩት።

ከቤቱ ሰው ግን አንድም አልተያዘም። እናቴ ያኔ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። ዛሬ ሰማንያ ሰባት ሆና ቤቷ ቁጭ ብላ የእናንተን ስብሰባ ማለቅ ትጠብቃለች። ኬክ ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላኛለች።

ወር ካለፈው በኋላ እትዬ ቤት ሄድኩ። ባልዲው አሁንም የዳሩ ክፍል በር ላይ ነው፤ ማንሣት አላስቻላትም። «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች።

በዚያ ቀን እርሳስ አልያዝኩም። የሚሞላ ቅጽ የለም፣ የሚቀጥል ጥያቄ የለም። ዝም አልኩ። እሷም ቀጠለች።

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ሲያስለው ትንፋሹ እዚያው ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው መስኮቱን። ልጆቹ ደግሞ ሳያማቸውም ይዘውት ሊዞሩ ይችላሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከእናታችን ያራቅኳቸው ለዚያ ነው። ሳሙናስ አረፋው በጣት መሐል ካልገባ ምን ይሠራል? ማስኩንም ፊት ለፊቱን አልነካውም፣ በጆሮው በኩል ይዤ ነው የማወልቀው…»

ግማሽ ሰዓት ተናገረች። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ላይ ደረሰች። ዘጠኝ ከአሥር። ያመለጠቻት የበሽታው ሙሉ ስም ብቻ ናት፤ ሬዲዮው ስሙን ሲናገር ድስቷ እየገነፈለ ነበር አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። እናታችሁ «እኔ ምን አውቄ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚህ አለ? «ተቀመጥ፣ ልነግርህ ነው» ማለቷ ነው። በዚህ ቋንቋ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ። ቅጽ ስይዝ ግን ቋንቋዬ ጠፋኝ። የሴቶቹ «እኔ ምን አውቄ» የጨዋታ መክፈቻ ነበር፣ የወንዶቹ «አውቃለሁ» ብዙ ጊዜ መዝጊያ። እኔ አንዱን ድንቁርና፣ ሌላውን ዕውቀት ብዬ መዘገብኩ። ወንድሜ ሞኝ አልነበረም። እኔና እሱ ያደግነው እንዲያ ነው፤ ወንድ ልጅ አላውቅም ካለ ይሳቅበታል፣ ፈራሁ ካለማ አለቀለት።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ገብቼ የሞላኋቸውን ቅጾች አወጣሁ። በእኔ እጅ «አላውቅም» ተብለው የታለፉት ሴቶች ሰባ ሁለት ናቸው። ለሲስተር ደወልኩላት።

«ሲስተር፣ አልጨረሱም ነበር» አልኳት።

«ነገ ስንት ሰዓት እንውጣ ጋሼ?» አለችኝ። ነግሬዎት ነበር አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በዕረፍት ቀናችን እየወጣን ሰባ ሁለቱንም ቤት ደገምናቸው። ዘዴውን ያመጣችው እሷ ናት። «እኔ ምን አውቄ» ሲሉን በልባችን እስከ ሃያ እንቆጥራለን፤ ልክ እንደ እጅ መታጠቡ፣ ሃያ ሴኮንድ። አንደኛው ቤት ላይ ሃያ መቁጠር እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ የሰባት ሴኮንድ ሰው ነኝ። ግን ጠበቅን። ከሰባ ሁለቱ ሃምሳ አንዱ ሰባትና ከዚያ በላይ አመጡ።

ሃያ አንዱ በእውነትም አያውቁም ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። የሬዲዮው ትምህርት የሚተላለፈው ምሳ በሚሠራበት ሰዓት ነው፣ ስልኩ ያለው ባልየው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሥልጠናውም ሕፃን ይዘሽ አትምጪ የሚባልበት ነው። በየት በኩል ይወቁት? ደግሞም ሴት ሁሉ ጠንቃቃ፣ ወንድ ሁሉ ዝንጉ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ የሆነው አናጺ ማስክ ሳያደርግ በሩን አይከፍትም ነበር፤ ሚስቱ ናት የሰፈሩን ሰው እያቀፈች የምትዞረው። እሱ ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። አናጺ ሳይለካ አይቆርጥም።

ውጤቱን ጽፌ ለያኔው ኃላፊ ሰጠሁ። «ሪፖርቱ እኮ ታትሟል» አሉኝ። ደብዳቤዬ ፋይል ውስጥ ገባ። መጮህ ነበረብኝ፣ አልጮህኩም። እውነቱን ልናገር፤ የምስክር ወረቀቱንም ማጣት አልፈለግሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዐይኔን በጨው አጥቤ በሥሩ ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ። ዴፖው በጊዜ ቢደረስለት ወንድሜ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ሃያ ሴኮንድ ብትጠብቁኝም ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ዶክተር፣ ስለ ሦስተኛው መስመር ሦስት ማስታወሻ ጽፌልዎታለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፣ አልቀየምኩም። አሁን ግን ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ስለሆነ አጋጣሚውን ተጠቅሜያለሁ። ጡረተኛን ምን ያደርጉታል? ቁልፉ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። እጄን ግን ገና አላነሣሁም።

መስመሩ ይውጣልኝ። በምትኩ ይህ ይግባ፦ «ተጠያቂዋ እኔ ምን አውቄ ካለች ሃያ ሴኮንድ ይጠበቅ፤ ቀጥሎ የምትለው ሁሉ ይመዝገብ። ተጠያቂው አውቃለሁ ካለ፣ እስቲ አሳየኝ ይባል።» ጀርባውም እንደ ፊቱ ይቆጠር። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ምን አሉ ዶክተር? … «መስመሩ ይወጣል» ብለዋል። አንቺ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዢው ልጅ፣ ሰዓቱን ጭምር ጻፊልኝ፤ ይኸው ሰዓትም ሰጥታችሁኛል። … እ? «ልጆቹን ቅዳሜ ማን ያሠልጥናቸው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የለሁበትም፣ ባለቤቴ ፊርማ ላይ ጥብቅ ናት። ሲስተር ታሠልጥናቸው። ስድስት ዓመት ዘግይቶ ነው እንጂ ሥራው ከመጀመሪያውም የእሷ ነበር። ሲስተር፣ ነይ ቁልፉን ተረከቢኝ። ይህንንም እርሳስ። ጆሮዬ ብርድ ሊመታው ነው መሰለኝ።

ይህ ቅጽ የእትዬ ነው። ሁለት ከአሥር እንደሚል ነው፤ አልፋቅኩትም፣ መዝገብ አይፋቅም። ከሥሩ ግን ዛሬ ጠዋት ጽፌበታለሁ፦ «ጠያቂው አልጠበቀም።» ፈርሜበታለሁ። በመስታወት የሚሰቀል ነገር ከፈለጋችሁ ያኛውን አውርዳችሁ ይህን ስቀሉት።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ላስቀየምኳችሁ ይቅርታ፣ ለቻላችሁኝ ምስጋና። ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የምታንኳኩት በር ሁሉ ይከፈትላችሁ፣ ውሻውም ታስሮ ይጠብቃችሁ። ያን የመሰለ ዓመት አይድገምባችሁ፤ ከመጣም አውቃለሁ የማይል ልብ፣ የሚጠብቅ ጆሮ ይስጣችሁ። ሰኞ የምትወጡ ልጆች፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው እትዬ ናት። ነፋስ የሚገባበትን ቦታ መርጣ ነው የተቀመጠችው። እትዬ፣ አትነሺ፣ እዚያው ሆነሽ። እነዚህ ልጆች በየሰው ቤት ሲገቡ እንዴት አድርገው ይጠይቁ ትያለሽ?

… ሰማችሁ? «እኔ ምን አውቄ» አለች።

ማንም እንዳያጨበጭብ። ሲስተር፣ እርሳሱን አዘጋጂ። እኔ ልቀመጥ።

እትዬ፣ እየሰማንሽ ነው።